የብረት ፍሬ ጥይት (ስቲል ሾት) በአሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትጋን ይተኮሳል?

ተጉለት_ማዶ

ሰላም ለቤቱ። ጠመንጃው ባለ 12 (የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ) ሾትጋን ነው፤ ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን የሆኑ፣ የቤልጅግ ሥራ፣ ዕድሜው የጠና፣ ፈቃዱ የታደሰ። ጥይቱ ሁለት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ላይ 12/70፣ 32 ግራም፣ 4 ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ "ስቲል" ይላል። የታሰበው በሸዋ ሮቢት በኩል ባለው ቆላ፣ የአደን ፈቃድ በወጣለት ቦታ፣ ለጅግራ ነው። ጠመንጃው እስከ ዛሬ የሚያውቀው እርሳስ ብቻ ነው። ጥይቱ ሲሞከር ያለ ችግር ይገባል፤ ጠመንጃውም ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ታዲያ ይተኮሳል ማለት ነው ወይስ አስቀድሞ የሚታይ ነገር አለ?

የአፈሙዝ_ሐኪም

ወንድሜ፣ ገባ ተዘጋ ማለት ይተኮሳል ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር።

ሳጥኑ ላይ ያየኸው 70 ቁጥር የቀለሁ ርዝመት ነው፤ ግን ከተተኮሰ በኋላ አፉ ተከፍቶ ሲዘረጋ ያለው ርዝመት። ሳይተኮስ አፉ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ጥይቱ 58 ሚ.ሜ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 70ው ጥይት 65 ሚ.ሜ ቻምበር (ጥይቱ የሚቀመጥበት የአፈሙዙ የኋላ ክፍል) ውስጥ እንደ ልቡ ይገባል። ባለ 76ቱም 70 ውስጥ ይገባል። ጉዱ የሚወጣው ቃታው ሲሳብ ነው፦ የታጠፈው አፍ ሲዘረጋ ቻምበሩ አልቆ አፈሙዙ መጥበብ ከጀመረበት አንገት ላይ ይደርሳል፤ መንገዱን ያጠባል፤ ከኋላ ያለው ግፊት በአንድ ጊዜ ይንራል። እርሳስ በዚያ ጠባብ በኩል ሲገፋ ይለዝባል፣ ቅርጹን ይለውጣል። ብረት አይለዝብም።

አሁን ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። የፊተኛውን እንጨት ንቀል፣ አፈሙዞቹን ከአካሉ አውጣና ገልብጣቸው። ከቻምበሮቹ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ቦታ በዘይት በነካ ጨርቅ ጥረግ። ጽሑፉ ካልታየህ መብራትን በአግድም አስይዝና በስልክ ፎቶ አንሳው፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። የምትፈልገው ይህን ነው፦

የቻምበር ርዝመት፦ 65 ወይም 70 የሚል ቁጥር። በእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ በኢንች ይጻፋል፤ 2½ ማለት 65፣ 2¾ ማለት 70 ነው።

ጭስ አልባ ባሩድ የተፈተሸበት ማህተም፦ የሊዬዥ (የቤልጅግ ጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ) ሥራ ከሆነ ዘውድ የደፋ ሞላላ ክብ ውስጥ "ኢ ኤል ጂ" የሚሉ የላቲን ፊደላት ይኖራሉ። እሱ ብቻውን አይበቃም። አንበሳና ከሥሩ "ፒ ቪ" የሚሉ ፊደላት ካሉ በጭስ አልባ ባሩድ ተፈትሿል ማለት ነው። ከሌሉ ጠመንጃው በጥቁር ባሩድ ዘመን የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ የብረት ፍሬ መሆኑ ቀርቶ ዘመናዊ ጥይት በጠቅላላ ነው።

የአፈሙዙ ስፋትና የጫፉ ጥበት፦ ቤልጅጎች ብዙ ጊዜ "ቾክ" ብለው ሁለት ቁጥር ይመቱበታል፤ አንዱ የውስጡ ስፋት ነው፣ ሌላው የጫፉ። ልዩነታቸው ቾኩ ነው።

የአበባ ምልክት፦ ባለ ሦስት ቅጠል፣ ፈረንጆቹ ፍሎር ደ ሊ የሚሉት። ይህ ካለ በከፍተኛ ግፊት የብረት ፍሬ ጥይት ተፈትሿል። በዚያ ዕድሜ ጠመንጃ ላይ አትጠብቀው፣ ግን ፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ አፈሙዙን ከውጭ ተመልከት። የብረቱ ፊት ላይ እንደ ሽመና ወይም እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ሥዕል ካየህ ጥምዝ ብረት፣ ደማስቆ የሚባለው ነው። እሱ ላይ የብረት ፍሬ በፍጹም። ማህተም መፈለጉንም ተወው።

ያገኘኸውን ጻፍልን።

ሞላሌ70

ይህን ያህል ሐተታ ለምን? 12 ያው 12 ነው። ፋብሪካው ግፊቱን ለክቶ አይደል ሳጥን ውስጥ የሚከተው? ስቲል እንዲያውም ከእርሳስ ይቀልላል፤ የቀለለ ነገር ጠመንጃን አይጎዳም።

ጀማ_ወንዝ

@ሞላሌ70 መቅለሉ እውነት ነው፤ ግን ችግሩ ከዚያው ከመቅለሉ ነው የሚጀምረው።

እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11 ግራም ገደማ ይመዝናል። ብረት 7.8 ገደማ። ስለዚህ 32 ግራም ብረት ከ32 ግራም እርሳስ 40 በመቶ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቀለሁ ውስጥ ያለው ቦታ ግን ያው ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካው ለብረት ሌላ ባሩድ፣ ሌላ የፕላስቲክ ኩባያ፣ አንዳንዴም ረጅም ቀለህ የሚጠቀመው። በዚያ ላይ ቀላል ፍሬ በአየር ውስጥ ቶሎ ስለሚደክም አነሳሱን ፈጣን ያደርጉታል። ሳጥኑ ላይ ያው 32 ግራም ቢጻፍም ውስጡ ሌላ ጥይት ነው።

ሁለተኛው ጥንካሬው ነው። በቪከርስ መለኪያ ንጹሕ እርሳስ ከ10 በታች ነው፤ አንቲሞኒ የተቀላቀለበት የጥይት እርሳስ ወደ 30 ይጠጋል። ለሾትጋን ተብሎ የተሠራው ለስላሳ ብረት 100 አካባቢ ነው። የአሮጌ ጠመንጃ አፈሙዝ ብረት ከዚህ ብዙም አይርቅም። እርሳስ አፈሙዙን ቢነካ እርሳሱ ይላጫል፤ ብረት ቢነካ አፈሙዙ ይጫራል። ለዚህም ነው ፍሬዎቹ በሙሉ ወፍራም ግድግዳ ያለው ኩባያ ውስጥ ተቀምጠው፣ ኩባያው እስከ ጫፍ ድረስ አብሯቸው የሚሄደው።

ግፊቱን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የጠመንጃ ፍተሻ ኮሚሽን (ሲ.አይ.ፒ.) ለባለ 12 የብረት ፍሬ ጥይት ሁለት ደረጃ አለው። መደበኛው ከ740 ባር (የግፊት መለኪያ) አያልፍም፤ የፍሬው ስፋትም ከ3.25 ሚ.ሜ አይበልጥም። ከፍተኛው እስከ 1050 ባር ይሄዳል፤ ይህን የሚተኩሰው ያ የአበባ ምልክት ያለበት ጠመንጃ ብቻ ነው። "12 ያው 12" የሚለው አባባል በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን 310 ባር ይውጠዋል።

@ተጉለት_ማዶ አንተ ደግሞ "4 ቁጥር" ካልከው ጎን በሚ.ሜ የተጻፈ ቁጥር ካለ እየው። የአሜሪካ 4 ቁጥር 3.3 ሚ.ሜ ነው። የእንግሊዝ 4 ቁጥር 3.1 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ፍሬው ሁለት፤ የ3.25ቱ ወሰን ደግሞ በመካከላቸው ነው የሚያልፈው።

ተጉለት_ማዶ

ታየ። ጠፍጣፋው ላይ፦ ኢ ኤል ጂ በክብ ውስጥ ዘውድ ያለው። አንበሳና ፒ ቪ አለ። 65 የሚል አለ። በቀኙ አፈሙዝ 18.4 እና 17.9፤ በግራው 18.4 እና 17.4። የአበባ ምልክት የለም። የጥምዝ ሥዕልም የለም፤ ውጩ ወጥ ጥቁር ነው። ሳጥኑ ላይ 3.3 ይላል።

የአፈሙዝ_ሐኪም

ጥሩ አድርገህ አነበብከው። ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ያንን ጥይት በዚህ ጠመንጃ አትተኩስ። አንዱ ምክንያት ቢቀር ሌላው ይይዝሃል፦

ቻምበሩ 65 ነው፣ ጥይቱ 70። ይህ ብቻውን ይበቃል።

ፍሬው 3.3 ስለሆነ ከመደበኛው ደረጃ ወጥቷል።

ግራው አፈሙዝ ሙሉ ቾክ ነው፤ 18.4 ሲቀነስ 17.4 አንድ ሚሊ ሜትር። ቀኙ 0.5 ነው፣ ግማሽ ቾክ የሚባለው።

ስለ ግራው ትንሽ ልናገር፤ ብዙ ሰው "ይፈነዳል" ይባልና አንዴ ተኩሶ ካልፈነዳ ውሸት ነው ብሎ ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ፍንዳታ አይደለም። እርሳስ ጠባቡ ጋ ሲደርስ ፍሬው ከፍሬው ይጣበቃል፣ ይጠፈጠፋል፣ ያልፋል። ብረት ግን አይጠፈጠፍም፤ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፉና እንደ ድልድይ ይሆናሉ፤ የማለፊያውን ጉልበት ወደ ጎን፣ ወደ አፈሙዙ ግድግዳ ይገፉታል። ግድግዳው በዚያ ቦታ ቀጭን ነው። ከጫፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ቾኩ ከሚጀምርበት ላይ፣ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ እብጠት ያወጣል። በአንድ ጥይት ላይታይ ይችላል። በሃያኛው ይታያል። ጎን ለጎን በሆነ ጠመንጃ ደግሞ ሁለቱን አፈሙዞች ያያያዘው በቆርቆሮ የተበየደ ቀጭን ብረት ከእብጠቱ ጋር ይላቀቃል።

እስካሁን የተጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ አፈሙዙን ወደ መስኮት አዙረህ በውጭ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን የብርሃን መስመር ተከተል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከጫፉ አጠገብ ከተንቀጠቀጠ ወይም ቀለበት ከሠራ እብጠት አለ። በአውራ ጣት ጥፍርም ይነካል። ሁለተኛ፣ አፈሙዞቹን ብቻቸውን ከሥራቸው ባለው መንጠቆ በገመድ አንጠልጥለህ በጣትህ አንጓ ኳ አድርጋቸው። ደህና የሆነ እንደ ደወል ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል። ብየዳው የላላ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ጧ ብሎ ይቀራል።

ሞላሌ70

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ ግን መላ አይጠፋም። ችግሩ ቾኩ ከሆነ ከጫፉ አራት ጣት ቆርጦ መጣል ነው። ጥይቱም 65 የእርሳስ ከሆነ እርሳሱን አፍስሶ ብረቱን መተካት ይቻላል። የኩሽኔታ ኳስ በየጋራዡ ሞልቷል።

የአፈሙዝ_ሐኪም

እንዲህ ያለው መላ ይቅርብን። ሦስቱንም በየተራ።

መቁረጥ፦ ጎን ለጎን ያሉ አፈሙዞች ጫፋቸው ላይ የተያያዙበት ብየዳ አለ። ስትቆርጠው በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ውኃ ይገባል፣ የሚያያይዛቸው ብረት ከጫፍ ይላቀቃል፣ ሁለቱ አፈሙዞችም አንድ ቦታ መምታት ይተዋሉ። በዚያ ላይ ሕጋዊ ጠመንጃን ቆርጦ ማሳጠር የሕግ ጣጣ አለው። ቾክን ማስፋት የሚባል ሥራ አለ፤ በልዩ መቅረጫ ከውስጥ የሚሠራ ነው። ግን አስቀድሞ የግድግዳውን ውፍረት በመለኪያ ማወቅ ግድ ነው፤ እንግሊዞች በቀጭኑ ቦታ ላይ 20 ሺኛ ኢንች፣ ማለትም 0.5 ሚ.ሜ ገደማ ከሌለ አይወዱም። ደግሞስ ቾኩ ቢሰፋ ቻምበሩ 65 መሆኑ የት ይሄዳል?

እርሳስን በብረት መተካት፦ ባሩዱ የተመጠነው ለእርሳስ ነው። ኩባያው ቀጭን ነው ወይም ጭራሽ የለም፤ በአንዳንዱ የእርሳስ ጥይት ውስጥ ያለው የተጨመቀ ወረቀት ወይም ሱፍ ብቻ ነው። ብረቱ በቀጥታ አፈሙዙን እየፋቀ ይወጣል።

የኩሽኔታ ኳስ፦ ይህ ከሁሉ የባሰው ነው። የጥይት ብረት ሆን ተብሎ የለሰለሰ ነው፤ 100 አካባቢ ተብሏል ከላይ። የኩሽኔታ ኳስ በእሳት የጠነከረ ነው፤ በዚያው መለኪያ ከ700 በላይ ነው። ከአፈሙዙ ብረት ብዙ እጥፍ ይጠነክራል። ኩባያውን ቀዶ አፈሙዙን ያርሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እህል ነው፤ ጣት ተፈናጥሮ አይለቀምም።

ደብረሲና_ገደል

ከላይ ያለው ለአሮጌው ነው። ለአዲሱስ? ከፊል አውቶማቲክ፣ ባለ 12፣ ቻምበሩ 76፣ የአበባ ምልክቱ አለ፤ የሚፈቱ አምስት ቾኮች ከሳጥን ጋር መጥተዋል። ጥያቄው የትኛውን ቾክ፣ የትኛውን ፍሬ፣ እስከ ስንት ሜትር ነው። በእርሳስ 6 ቁጥርና ሙሉ ቾክ የተለመደ ነበር።

ጀማ_ወንዝ

ለእንዲህ ያለው ጠመንጃ የብረት ፍሬ ችግር የለበትም፤ የእርሳሱን ልማድ መተው ብቻ ነው።

ፍሬ፦ ሁለት ቁጥር ከፍ በል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል። ምክንያቱን በክብደት እየው። የአሜሪካ ቁጥር ልውሰድ፤ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ከ17 ላይ ቁጥሩን ቀንሰህ በ0.254 ስታበዛው ሚሊ ሜትሩን ይሰጥሃል። 6 ቁጥር 2.8 ሚ.ሜ ነው፤ አንዱ የእርሳስ ፍሬ 0.126 ግራም ይመዝናል። በዚያው ስፋት ብረት ብትወስድ 0.09 ገደማ ይሆናል፤ ሠላሳ ሜትር ላይ ደክሞ ላባ ውስጥ ይቀራል፣ ወፏን አቁስሎ ይለቃታል። 4 ቁጥር ብረት 0.148 ነው፤ የ6ን እርሳስ ቦታ የሚሸፍነው እሱ ነው። የ4ን እርሳስ (0.21) የሚተካው ደግሞ 2 ቁጥር ብረት ነው፣ 3.8 ሚ.ሜ፣ 0.227 ግራም። ለቆቅና ለጅግራ 4 ይበቃል። ከ4 ሚ.ሜ በላይ የሆነ ፍሬ ከግማሽ ቾክ በጠበበ አፈሙዝ አይተኮስም፤ ይህ የሲ.አይ.ፒ. ደንብ ነው።

ቾክ፦ እርሳስ ሲነሳ ከኋላ ያሉት ፍሬዎች ተጨፍልቀው ቅርጻቸው ስለሚበላሽ ወደ ጎን ይበተናሉ። ብረት ክብ ሆኖ ገብቶ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ አብሮ ይሄዳል። በአንድ ደረጃ የጠበበ ቾክ ያለው ያህል ነው። ሩብ ቾክ (0.25 ሚ.ሜ ገደማ) በብረት የግማሽ ቾክን ሥራ ይሠራል። ሙሉ ቾክ ያለው ጥቅም የለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ብትን ይሰጣል። ከሳጥኑ ውስጥ ሩቡን አውጣ።

አብዛኞቹ የሚፈቱ ቾኮች ጠርዛቸው ላይ ጭረት አላቸው፤ አንድ ጭረት ሙሉ፣ ሦስት ጭረት ግማሽ፣ አራት ሩብ፣ አምስት ክፍት። ጣሊያኖች በኮከብ ያደርጉታል፣ ቆጠራው ያው ነው። ግን ሁሉም ፋብሪካ አይስማማም፤ "ለስቲል አይሆንም" የሚል ጽሑፍ ካለ ጭረቱን ሳይሆን ጽሑፉን እመን።

ርቀት፦ እስከ 35 ሜትር። ይህ የሚያስቆጭ ቢመስልም በእርሳስም ቢሆን ከዚያ በላይ የሚተኩስ ሰው ብዙውን የሚያቆስል ነው።

ሙከራ፦ ሳጥኑ ምንም ቢል በወረቀት ሳትሞክር አትውጣ። አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ ወረቀት ስቀል፣ ከ36 ሜትር አንድ ጊዜ ተኩስ፣ ብዙ ፍሬ ያረፈበትን ቦታ መሐል አድርገህ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስምር፣ ቀዳዳውን ቁጠር። 32 ግራም የ4 ቁጥር ብረት 216 ያህል ፍሬ ነው። 130 ያህሉ ክቡ ውስጥ ከገባ 60 በመቶ ነው፣ የግማሽ ቾክ ሥራ። ቢያንስ ሦስት ወረቀት አድርግ፤ አንድ ወረቀት ይዋሻል። ከጀርባው ድንጋይ ሳይሆን የአፈር ግድግዳ ይሁን።

አሁን ለእኛ አገር የሚሆነውን ልጨምር። ሳጥኑ ላይ ያለው ሰንጠረዥ የባሕር ጠለል አየርን ይዞ ነው የሚሰላው። ደብረ ብርሃን በ2800 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ጥግግት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 88 በመቶ ገደማ ነው። በስስ አየር ፍሬው ጉልበቱን ቶሎ አያጣም፣ ብትኑም ትንሽ ይጠባል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሌላ ፊት ግን አለው። የተበተነው ፍሬ የሚወድቅበት ርቀትም ይረዝማል። ለእርሳስ የሚታወቀው የጆርኔ ስሌት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 80 ሜትር ያህል ይሰጣል፤ 6 ቁጥር 220 ሜትር መሆኑ ነው። በደጋው አየር ወደ 300 ይጠጋል። ብረት ከእርሳስ ያነሰ ይሄዳል፤ ፍሬው ደግሞ ስለሚተልቅ ልዩነቱን ይመልሰዋል። ስለዚህ ከፊት 350 ሜትር ባዶ መሆን አለበት ብለህ ያዝ። ጣርማ በር ዓይነት ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ወደ ቆላ የምትተኩስ ከሆነ ደግሞ ይህ ቁጥር አይሠራም፤ ከሥር እረኛ አለ፣ ማሳ አለ፣ መንገድ አለ። ከአፋፍ ወደ ታች አይተኮስም፣ አለቀ።

ቆቅ_በጠዋት

ቁጥሩን ጀማ ጨርሶታል። ሜዳ ላይ የሚበላሸውን እኔ ልጨምር።

ያልተጻፈበት ወይም የደበዘዘ ጥይት ካገኛችሁ ማግኔት አስጠጉ። ግን ከታች ባለው ቢጫ ቆብ ላይ አይደለም፤ ቆቡ ራሱ ብዙ ጊዜ የተለበጠ ብረት ስለሆነ ይይዛል። በላስቲኩ ላይ፣ ከመሐል ወደ ላይ፣ ፍሬው ያለበት ላይ አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው ወይም ብረት የተቀላቀለበት ቱንግስተን ነው፤ ሁለቱም ለአሮጌ ጠመንጃ አይሆኑም። ካልያዘ እርሳስ ወይም ቢስመዝ (እንደ እርሳስ የሚለሰልስ ሌላ ብረታ ብረት) ሊሆን ይችላል፤ ግን አለመያዙ ብቻ የምስክር ወረቀት አይደለም።

ዝገት። እርሳስ ቢረጥብ ግድ የለውም። የብረት ፍሬ እርጥበት ከገባው ዝጎ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ብትን መሆኑ ቀርቶ አንድ እብጥ ብረት ሆኖ ይወጣል። ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት፤ ካልተንኮሻኮሸ፣ ወይም ላስቲኩ አብጦ በግድ የሚገባ ከሆነ አይተኮስም። በክረምት የመንዝ ጉም ውስጥ በኪስ ሲዞር የከረመ ጥይት ሁሉ ይጠረጠራል። ማስቀመጫው የሚከደን ቆርቆሮ ሆኖ ደረቅ ቦታ፣ ከጠመንጃው ተለይቶ ተቆልፎ። በቆላ ሙቀት መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይሰጣም።

ንጥረት። እርሳስ ድንጋይ ሲመታ ይጠፈጠፋል፣ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ብረት ነጥሮ ይመለሳል። የኛ አገር ደግሞ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ካብ፣ እርከን፣ ቋጥኝ። በመሬት ላይ ያለች ቆቅ ላይ ዝቅ ብሎ መተኮስ፣ ውኃ ላይ መተኮስ፣ ካብ ላይ መተኮስ ይቅር። ተኳሹም አጠገቡ ያለውም የማይሰበር ፖሊካርቦኔት መነጽር ያድርግ። የፀሐይ መነጽር ብርጭቆው ራሱ ሌላ ፍንጣሪ ነው።

ድምፅ። ተኩሱ "ፉስ" ካለ ወይም ምቱ ከሳሳ ቶሎ ሌላ አትጨምሩ። ኩባያው አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ጠመንጃውን አራግፉ፣ ከኋላ በኩል ብርሃን እስኪታይ ድረስ ተመልከቱ፣ የቀረ ካለ በዘንግ ግፉት። በቀረው ላይ ሌላ ጥይት መተኮስ አፈሙዝ ይቀዳል፤ በእርሳስም ይቀዳል፣ በብረት ይብሳል። ጭራሽ ካልተኮሰ ደግሞ ጫፉን ባዶ አቅጣጫ ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ኪስ። ባለ 12 እና ባለ 20 ጥይት አንድ ኪስ ውስጥ አይቀላቀል። ባለ 20ው ባለ 12 አፈሙዝ ውስጥ ተንሸራቶ አንገቱ ላይ ይሰካል፤ ቻምበሩ ባዶ ይመስላል፤ ከኋላው ባለ 12 ሲገባና ሲተኮስ ሁለቱ አንድ ላይ ይነሳሉ። ባለ 20 ላስቲኩ ቢጫ እንዲሆን የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምጣዱ ደግሞ፦ ስትገነጥሉ ላባ ወደ ውስጥ የገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ተከትላችሁ ፍሬውን አውጡ። የእርሳስ ፍሬ ሲነከስ ይሟሽሻል። ብረት ጥርስ ይሰብራል። እንግዳ ጋብዛችሁ የጥርስ ዕዳ እንዳትገቡ።

ቄሮ_ጓሳ

ማንም ስላላነሳው ልጠይቅ፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ሰው ለምን ወደ ብረት ሄደ? ዝይና ዳክዬ፣ ቆቅም ጭምር፣ እህል ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ። መሬት ላይ የቀረ የእርሳስ ፍሬ ለወፍ ጠጠር ነው። ቋቷ ውስጥ ይፈጫል፣ ደሟ ውስጥ ይገባል፣ ክንፏ ይዝላል፣ ትሞታለች። እሷን የበላ ጥንብ አንሳም ይከተላል። አሜሪካ በእርሳስ የውኃ ወፍ ማደንን በአገር ደረጃ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዴንማርክ በ1996 ለአደን ሁሉ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት በረግረግ ቦታዎች ከየካቲት 2023 ጀምሮ አገደ። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የአፍሪካና የዩሬዥያ ፈላሽ የውኃ ወፎች ስምምነት በረግረግ ላይ እርሳስ እንዲቀር ይጠይቃል። በየኩሬውና በየጨፌው ላይ እርሳስ መዝራት ለእኛም አይበጅም።

ሁለት ማሳሰቢያ። መንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው፤ ሣሩ እንኳን በወግ ነው የሚታጨደው። በየትኛውም ፍሬ አይታደንበትም። በደጋው ጨፌ ላይ የምትታየው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታ ሌላ የትም የላትም፤ ዝይ ሁሉ ዝይ አይደለም።

የፕላስቲክ ኩባያውንም ነገር እናንሣ። ከተኳሹ ፊት ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ ይወድቃል። ከብት ያነሣዋል። ቀለሁን ስትለቅሙ እሱንም ልቀሙ፤ በቁጥር በተኮሳችሁት ልክ።

አወያይ

ለሚያነብ ሁሉ፦ የጦር መሣሪያ ይዞታ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ አደን ደግሞ በዱር እንስሳት አዋጅ ይገዛሉ። የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም፤ የአደኑ ለብቻው ነው። ጥይት "አለኝ፣ ማን ይፈልጋል" የሚል መልእክት እዚህ ይሰረዛል። @ሞላሌ70 የኩሽኔታው ሐሳብ ያልተሰረዘው መልሱ ከሥሩ ስላለ ብቻ ነው።

ሞላሌ70

ገብቶኛል አወያይ። ኩሽኔታው ለጋሪ ይሁን።

ደብረሲና_ገደል

ሩብ ቾኩን ለማስገባት ሙሉውን ለማውጣት ሲሞከር እንቢ አለ። ቁልፉ ይሾልካል። ቀድሞ ሁለት ሳጥን የብረት ፍሬ በሙሉ ቾክ ተተኩሶበታል፤ እንደሚመስለኝ ነገሩ ከዚያ ነው።

የአፈሙዝ_ሐኪም

ከዚያ ነው። ከላይ ያልኩት ቀለበት በሚፈታ ቾክ ላይ ሲሆን ቾኩ ራሱ ያብጥና ጥርሱን ከአፈሙዙ ጥርስ ጋር ያጣብቃል። ወይም ደግሞ ባሩድና ዝገት ብቻ ነው፤ ሳይሞክሩ አይታወቅም።

በፒንሳ አትያዘው፣ በመዶሻም አትምታው። ጠመንጃውን አራግፍ፣ አፈሙዙን ንቀል። ጫፉን ወደ ታች አድርገህ የሚሰርግ ዘይት ባለበት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ቾኩ እስኪሸፈን ነክረህ አሳድረው፤ አንድ ሌሊት ካልበቃ ሁለት። ከዚያ ለዚያ ቾክ በልክ በተሠራው ቁልፍ፣ ቁልፉን በቀጥታ ወደ ውስጥ እየተጫንክ፣ በዝግታ። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ መልሰህ አጥብቀህ እንደገና ፍታው፤ ወዲያና ወዲህ። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ለባለሙያ ነው፤ አፈሙዙን በእሳት ማሞቅ አይታሰብም።

ከወጣልህ በኋላ ቾኩን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባለው። ከተወላገደ ጣለው። የአፈሙዙን ጥርስ በጥርስ ብሩሽ ጥረግ፣ አዲሱን ከማስገባትህ በፊት ጥርሱ ላይ ቀጭን ግሪስ ቀባ፣ በእጅ እስከ መጨረሻው አጥብቀህ በቁልፉ ጥቂት ጨምርበት። ጠርዙ ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር መስተካከሉን ወይም ፋብሪካው እንዳደረገው መሆኑን እይ። ከዚያ በኋላ በየ25 ጥይቱ ጠመንጃውን አራግፈህ መላላቱን በጣትህ ፈትሸው። የላላ ቾክ ከኋላው ክፍተት ይተዋል፤ ኩባያው እዚያ ጠርዝ ላይ ይይዝና ቾኩን ገንጥሎ ይወስደዋል።

ተጉለት_ማዶ

ተግባብተናል፤ ሁለቱ ሳጥን ለባለ 76ቱ ዓይነት ጠመንጃ ነው። ለ65ቱ ታዲያ እርሳስ ካልሆነ ምን አለ?

የአፈሙዝ_ሐኪም

ቢስመዝ። ክብደቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 9.7 ገደማ፣ ከብረትና ከእርሳስ መካከል ነው። ለስላሳ ስለሆነ አፈሙዝ አይፍቅም፣ በቾክም እንደ እርሳስ ያልፋል። ከእርሳሱ አንድ ቁጥር ብቻ ከፍ በል፤ 6 ለነበረው 5። ግን በ65 ሚ.ሜ ቀለህ የተሠራውን ለይተህ እዘዝ፤ በ70 የተሠራ ቢስመዝም አለ፣ እሱ ገብቶ ይዘጋልሃል።